የሦስት ሰዓት ንባብ

መሐል ሜዳ፣ ኅዳር፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት፤
ነጩን ሣጥን ከፈትሁ፣ እጄ ደንዝዞበት።
ከዜሮ በታች ሁለት። ሣሩ ላይ ውርጭ አለ፤
የገብሱ ዛላ ጫፍ ጨው የነካ መሰለ።

ሬዲዮው ይንጫጫል። ተራዬን ጠብቄ
ቁጥሬን አቀብላለሁ፣ ባናዬን አጥብቄ።
ከኔ ቀጥሎ ጎዴ።
«ሌሊት ሃያ አምስት ነው፤
ትናንት ቀን ሠላሳ ስምንት፤ ዝናብ የለም» ይላል፤
ድምፁ ብቻ እንኳ ጆሮዬን ያሞቀኛል።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ፊቱን አላየሁም፤
ድምፁን ግን ከመቶ ድምፅ መሃል አልስትም።
ከመዝገቤ ጠርዝ ላይ፣ ደንቡ ባይፈቅድም፣
የሱን ቁጥር በእርሳስ መጻፍ አልተውሁም።

ሮብሌ ነው ስሙ።
ስሙን የሰማሁ ቀን፣ ሮብ የተወለደ፣
እናቱን በጾም ቀን ቅቤ ያስለመደ
መስሎኝ ነበር። ብነግረው፦
«ሮብ በኛ ቋንቋ ዝናብ ነው፣ እህቴ፤
ድርቁ የተሰበረ 'ለት ወለደችኝ እናቴ።
ያንቺሳ?»
«ጥሩአየር።»
ትንሽ ዝም አለና
ሳቁ ተንከተከተ በሬዲዮው ቃና፤
ከዋናው ጣቢያ ሳይቀር ተቆጣጣሪው ሳቀ፣
የዚያ ቀን ሪፖርት ሩብ ሰዓት ዘለቀ።

ቤቴ ሦስት ሺህ ሜትር ላይ፤ አየሩ ሳስቶ
ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ባቄላው ግን ኮርቶ
ውሎ ያድራል ጥሬ።
እኔም ከበጎቼ ሙቀት ተበድሬ
ባና ደርቤ እተኛለሁ። እሱ አልጋውን አውጥቶ
ደጅ ያድራል፣ ለኮከብ ደረቱን ሰጥቶ።
ሐምሌ እኔን ሲያጨቀይ፣ ነሐሴ በረዶ ሲያፈስ፣
እሱ ጋ አቧራ ነው፣ ዓይን የሚያስለቅስ ነፋስ።
ሚያዝያ ላይ «ጉ ገባ፣ ዝናባችን!» ይላል፤
የኔ በልግ ከድቶኝ ዓይኔ ሰማይ ሰማይ ያያል።

«አንቺ ጋ የዘነበው ወደኛ ይመጣል ወይ?»
ብሎኝ ነበር አንዴ። እሑድ ሄድሁ ጓሳን ላይ።
ምዕራብ ያዘነበለው፣ ጀማ ገብቶ፣ ዓባይ፤
ምሥራቅ የዞረው በይፋት ቆልቁሎ አዋሽን ሊያጠግበው፤
ለዋቢ አንድ ጠብታ የለኝም የማዋጣው።
«ከኔ የሚደርስህ» አልሁት «ቁጥሩ ብቻ ነው።»

አምና በጥቅምት ማብቂያ፣
«ጎዴ፤ ሰማይ ጥርት፤ ዝናብ ዜሮ» ባለ 'ለት
ማግሥት፣ ስሙ ሲጠራ፣ ዝም።
በሦስተኛው ዝም። ባራተኛውም ዝም።
ለካ ባሌ የጣለው ቀንና ሌት ተጉዞ፣
ወንዙን አሳብጦት፣ ግንዱን፣ ግመሉን ይዞ፣
በጠራ ሰማይ ሥር ገብቶባቸው ኖሯል።
«ዝናብ ዜሮ» ብዬ በእጄ ጽፌያለሁ፤
ያችን ዜሮ ዛሬም ጠርዙ ላይ አያታለሁ፤
ክብ ናት፣ እንደ ጉድጓድ። ሰው ትውጣለች አላልሁ።

ባሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ዋናው ጣቢያ ሲጣራ፣
«ጎዴ» አለ አንድ ድምፅ፣ የሻከረ፣ የፈራ።
«የዝናብ መለኪያው የለም፤ ውሃ ወስዶታል፤
ዝናብ ግን አልጣለም። እንዲህ ተብሎ ይጻፋል?»

ማንም አልመለሰ። ተቆጣጣሪው አሳለ።
ተራዬ ሳይሆን ቁልፉን ተጭኜ፦
«መሐል ሜዳ፤ ከዜሮ በታች አንድ፤ ሣሩ ላይ ውርጭ አለ»
አልሁና የምጨምረው ጠፋኝ።

«ብርድ ነው?» አለኝ።
«ብርድ ነው።»
«እስቲ ድገሚልኝ» አለ፤ «እዚህ ጭቃው እየጋለ ነው።»